ላንቸስተርና የሚጮኸው ፍሬን

በዚህ ቡለቲናችን ላይ የሕይወት ታሪክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የደራሲ፣ የጋዜጠኛ ወይም የንጉሥ ነው። ዛሬ እኔ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን የአንድ መሐንዲስ ታሪክ ነው፤ ያውም በፍሬን በኩል። የጋዜጠኝነት ተማሪን ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው እንደምትሉ አውቃለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ሳይክል እነዳለሁ። ሳይክል የሚነዳ ሰው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ከትምህርቱም ከሙያውም በፊት የፍሬኑ ነገር ያሳስበዋል።

ባለታሪካችን ፍሬድሪክ ዊልያም ላንቸስተር ይባላል። ዛሬ በተራራ ብስክሌት፣ በሞተር ሳይክልና በመኪና ጎማ መሃል የምናያትን ያቺን ስስ ክብ ብረትና እሷን የሚነክሳትን መንጋጋ፣ ማለትም የዲስክ ፍሬንን፣ በ1902 በስሙ ያስመዘገበ እንግሊዛዊ ነው። መኪና ሠርቷል፣ አውሮፕላን ለምን እንደሚበር ጽፏል፣ የጦርነትን ነገር በሒሳብ አስልቷል። የሞተው ግን ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው። የመኪናው ዓለም ፍሬኑን አምኖ ሲቀበልለትም አላየም። ለምን እንዲህ ሆነ? ጽሑፌ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ወደ ሰውየው ከመግባታችን በፊት ሳይክል ለማትነዱት ስለ ፍሬኑ ትንሽ ልበል። የተለመደው የሳይክል ፍሬን ሁለት ላስቲኮች ከግራና ከቀኝ መጥተው ቸርኬውን ራሱን የሚይዙበት ነው። ርካሽ ነው፤ ለመጠገንም አያስቸግርም። ችግሩ ቸርኬ ለመሬት ቅርብ መሆኑ ነው። ጭቃና ውኃ ይይዛል፣ ሲረጥብ ደግሞ ላስቲኩ ይንሸራተታል። ቸርኬው ትንሽ ከተጣመመ ፍሬኑ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። በዲስክ ፍሬን ግን የሚያዘው ቸርኬው ሳይሆን ከጎማው እምብርት ጋር የታሰረው ክብ ብረት ነው። ካሊፐር የሚባለው መንጋጋ በውስጡ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ይዞ ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ይነክሰዋል። የፍሬኑን እጀታ ስንስብ ኃይሉ ወይ በሽቦ ገመድ፣ ወይ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለ ፈሳሽ አማካይነት ወደ መንጋጋው ይደርሳል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል የሆነ ነገር ተቀባይነት ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት ሲባል ግን ግርም ይላል።

ላንቸስተር የተወለደው ኦክቶበር 23 ቀን 1868 ለንደን ውስጥ ሉዊሻም በሚባል ሰፈር ነው። አባቱ አርክቴክት ነበሩ። እናቱ ደግሞ ላቲንና ሒሳብ የሚያስተምሩ ሴት ነበሩ። ከስምንት ልጆች አራተኛው ነው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ብራይተን ሄደ። ካደገ በኋላ ሳውዝሃምፕተን በሚገኘው ሃርትሊ ተቋም ተማረ። ከዚያም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ኬንሲንግተን ወደሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ቤት ገባ። ማታ ማታ ደግሞ የምሕንድስና ትምህርት ይከታተል ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ተምሮ ሲያበቃ ምንም ዓይነት የምስክር ወረቀት ሳይዝ ነው ትምህርቱን የጨረሰው። (ይህን የፈተና ሰሞን ማጽናኛ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ አደራ። ሰውየው ዲግሪ ባይዝም ማታም ሳይቀር የሚማር ዓይነት ነበር።)

በ1888 የፈጠራ ባለቤትነት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ውስጥ በንድፍ ሠራተኝነት ተቀጠረ። እዚያ ተቀምጦ የሌላውን ሰው ፈጠራ ሲስል ስለ ፈጠራ ሕግ ሳይማር የቀረ አይመስለኝም። ምክንያቱም በቀጣዩ ዓመት በርሚንግሃም አካባቢ ሶልትሊ በሚገኝ የጋዝ ሞተር ፋብሪካ ሥራ ሲያገኝ ያደረገውን ተመልከቱ። የቅጥር ውሉ ላይ ሠራተኛው የሚያስገኘው ማንኛውም ማሻሻያ የኩባንያው ንብረት ይሆናል የሚል አንቀጽ ነበር። የሃያ ዓመቱ ወጣት አንቀጹን በእስክሪብቶ ሰርዞ ፈረመ። ብዙም ሳይቆይ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ፈልስፎ በስሙ አስመዘገበና በተገጠመ ቁጥር ክፍያ ይሰበስብ ጀመር። እኛ በሱ ዕድሜ ላይ ነው ያለነው። ሥራ ፍለጋ ስንወጣ የምንፈርመውን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር እናነባለን ወይ? እኔ እንጃ።

በ1894 አንድ በሞተር የሚሄድ ጀልባ ሠርቶ ኦክስፎርድ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። በ1895 ሥራው ተጀምሮ በ1896 መንገድ ላይ የወጣው መኪናው፣ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝ ውስጥ የተነደፈ የመጀመሪያው ባለ አራት ጎማ የቤንዚን መኪና ተብሎ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ መኪና ሠሪዎች ከፈረስ ጋሪ ላይ ፈረሱን ፈትተው በምትኩ ሞተር እንደ ማሰር ነበር የሚያደርጉት። ላንቸስተር ግን መኪናውን ከባዶ ወረቀት ጀምሮ አሰበው። ሞተሩ ሲሠራ የሚነቀንቀው ነገር አበሳጨውና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ክራንክ ሻፍቶች ያሉት ሞተር ሠራ፤ የአንዱ ንቅናቄ የሌላውን እንዲያጠፋለት ማለት ነው። ይህ የንቅናቄ ጉዳይ በኋላም ስለሚመጣ ያዙልኝ።

በ1899 መጨረሻ ላይ ከወንድሞቹ ከጆርጅና ከፍራንክ ጋር ሆኖ በርሚንግሃም ውስጥ ስፓርክብሩክ በሚባል ሰፈር የመኪና ኩባንያ ተቋቋመ። እዚያ ያመጣው ትልቁ ነገር፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከመኪናው ይልቅ የመለዋወጫው ነገር ነው። በዚያ ጊዜ አንድ ዕቃ ሲሰበር ባለሙያው አዲሱን እየሞረደ፣ እየፋቀ ለዚያች መኪና ብቻ እንዲሆን አድርጎ ይገጥመው ነበር። ላንቸስተር ግን እያንዳንዱ ዕቃ በመለኪያ እየተለካ እንዲሠራና ከአንዱ መኪና ተፈትቶ ሌላው ላይ ያለ ሞረድ እንዲገባ ወሰነ። ጥገና የሚባለውን ነገር ያሰበበት ገና መኪናው ሳይበላሽ ነው ማለት ነው። ዛሬ ከገበያ የገዛነው የፍሬን ሸራ ያለ ጭቅጭቅ ካሊፐሩ ውስጥ ጥልቅ የሚለው እንዲህ ባለ አስተሳሰብ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። በ1902 ያስመዘገበው ንድፍ ከኋላ ጎማ ጋር በጽኑ የተያያዘ የብረት ዲስክና ጠርዙ ላይ ቆንጥጦ የሚይዘው መንጋጋ ነበር። ዛሬ ሳይክል ላይ ካለው ጋር ብታስተያዩት መልኩ አንድ ነው። እዚህ ላይ የጋዜጠኝነት ተማሪነቴ አንድ ነገር እንድናገር ያስገድደኛል። የመጀመሪያው የሚለውን ቃል መጠንቀቅ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤልመር ስፔሪ የሚባል ሰው ከላንቸስተር ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1898 ገደማ፣ በኤሌክትሪክ መኪናው ላይ የዲስክ ዓይነት ፍሬን ሞክሯል። የስፔሪው በኤሌክትሪክ ጉልበት የሚሠራ ነበር። ዲስኩን በመንጋጋ የሚነክሰው፣ የዛሬዎቹ ፍሬኖች ቅድመ አያት የሆነው ግን የላንቸስተሩ ነው።

ሐሳቡ ትክክል ነበር። ያልነበረው የሚነክስበት ጥርስ ነው። የዛሬው የፍሬን ሸራ ገና አልተፈለሰፈም፤ ስለዚህ ላንቸስተር በዲስኩ ላይ የሚያርፈውን ነገር ከመዳብ ሠራው። የእንግሊዝ መንገድ ያኔ አስፋልት እንዳይመስላችሁ። አቧራና ጠጠር ነው። አቧራው በመዳቡና በዲስኩ መካከል እየገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መዳቡን ፋቀው፤ መዳቡም ቶሎ ቶሎ አለቀ። በዚያ ላይ ብረት በብረት ሲፋተግ የሚያሰማው ጩኸት ነበር። ፈረስ የሚያስደነግጥ፣ መንገደኛውን ጆሮ የሚያስይዝ ጩኸት። ሦስተኛው ችግር ጉልበት ነው። ታምቡር ፍሬን ሲይዝ የታምቡሩ መሽከርከር ራሱ ሸራውን ወደ ውስጥ እየሳበ ያግዘዋል። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ የለውም፤ ሙሉው ጉልበት ከነጂው መምጣት አለበት። ጉልበትን በፈሳሽ አብዝቶ የሚያደርስ የመኪና ፍሬን ደግሞ ገና ሃያ ዓመት ይቀረው ነበር። እንግዲህ ላንቸስተር ያስመዘገበውን ወረቀት ይዞ ቀረ፤ ዓለም ወደ ታምቡር ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሳይክል ላንሳ። ያለምክንያት አይደለም፤ የላንቸስተር ሦስት ጠላቶች፣ ማለትም ማለቅ፣ መጮህና ጉልበት ማጣት፣ ዛሬም እኛ ሰፈር ድረስ አሉ። ሳይክሌ በሰው እጅ የነበረ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ከፊትም ከኋላም ዲስክ አለው። ባለፈው ክረምት አንድ ቦታ ካቴናውን ዘይት ቀቡልኝ። የሚረጭ ዘይት ነበርና ጥቂቱ ዲስኩ ላይ አርፏል። በማግስቱ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ እንደ አሳማ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱስ ምንም አልነበረም፤ ዋናው መያዙን ማቆሙ ነው። ከፊቴ ልጅ ያዘለች እናት መንገድ ታቋርጥ ነበር። እጀታውን እስከ መጨረሻው ስቤ በመካከላችን አንድ ክንድ ያህል ሲቀር ነው የቆምኩት። ሴትየዋ ምንም አላለችም፤ ልጇን ወደ ላይ አስተካክላ አዝላ ዞር ብላ አየችኝና ሄደች። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ሰፈራችን ውስጥ ሳይክል የሚሠሩ አንድ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሳይክሉን ይዤ ስሄድ ገና ሳይነኩት ከጩኸቱ ብቻ በሽታውን አወቁት። እሳቸው ያስተማሩኝንና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን አጠር አድርጌ ላካፍላችሁ፤ ማን ያውቃል፣ የአንዳችሁን እግር ያተርፍ ይሆናል።

ዲስክ ሲጮህና አልይዝ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይት ነው። የሰው ጣት ላይ ያለው ቅባት እንኳ ስለሚበቃው ዲስክ በባዶ እጅ አይነካም። ዲስኩ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል በደንብ ይወለወላል። ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርጎ መሞከር ይቻላል፤ ካልሆነ መለወጥ ነው። አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላም ወዲያው ቁልቁለት አይወረድበትም። ሜዳ ላይ ፍጥነት እየጨመሩ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ሳያቆሙ ቀስ እያሉ ማብረድ ያስፈልጋል። ይህን ጊዜ ከሸራው ትንሽ ትንሽ ወደ ዲስኩ ይተላለፍና ሁለቱ ይላመዳሉ። ጋሼ ይህን ነገር ከጋብቻ ጋር ነው የሚያመሳስሉት፤ ዝርዝሩን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ጎማው ሲዞር ዲስኩ ሸራውን እየነካ ሽው ሽው ካለ ደግሞ ካሊፐሩ መሃል ላይ አልተቀመጠም ማለት ነው። ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ላላ ማድረግ፣ እጀታውን ጨምቆ መያዝ፣ እንደያዙ ብሎኖቹን ማጥበቅ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይስተካከላል። እጀታው እንደ ስፖንጅ ለስለስ ብሎ እስከ መሪው ድረስ ከመጣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷልና ፈሳሹን እየገፉ አየሩን ማስወጣት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ፍሬን በማዕድን ዘይት፣ አንዳንዱ ዶት በሚባለው የፍሬን ፈሳሽ ይሠራል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ወይም አንዱ በሌላው ቦታ ከተሞላ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች ይበላሻሉ። ዶት የሚባለው በተጨማሪ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየጊዜው መለወጥ ይፈልጋል። ጎማውን ፈታችሁ ሳይክሉን መኪና ላይ ስትጭኑ ደግሞ እጀታውን እንዳትጨምቁ፤ መሃላቸው ዲስክ ስለሌለ ሸራዎቹ ተገፍተው ይጣበቃሉ። በመካከላቸው አንድ ወፍራም ካርቶን አጥፎ ማስገባት በቂ ነው።

የማለቅ ነገርም አለ። የሸራው ሥጋ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጊዜው አልፏል። ዲስኩ ራሱም ያልቃል፤ ብዙዎቹ አዲስ ሲሆኑ 1.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ 1.5 ሲደርሱ ይጣላሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዞ ከመውረድ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ይሻላል፤ አለዚያ ሙቀቱ ፍሬኑን ያደክመዋል። ከወረዱ በኋላ ዲስኩን ለመንካት መሞከር ደግሞ የጋለ ምጣድ እንደ መንካት ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለላንቸስተር ስል ነው። ዘይት፣ አቧራ፣ ጩኸት፣ ማለቅ፣ ሙቀት፣ የጉልበት ማነስ፤ እነዚህን ዛሬ ጋሼ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሷቸው የሚለወጥ ሸራ፣ የታሸገ ፈሳሽና የሚገዛ አልኮል ስላለ ነው። ላንቸስተር ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

በሥራውም እንዲሁ ነው የገጠመው። መኪኖቹ ተወዳጅ ነበሩ፤ ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ እንኳ ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። ግን ኩባንያው የተመሠረተው በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ነው፤ በ1904 ለገንዘብ ጠያቂዎች አስተዳዳሪ ተሰጠ። እንደገና በሌላ ስም ቢቋቋምም ላንቸስተር ከቦርዱ ጋር አልተስማማም። ቀስ በቀስ ሥራውን ለወንድሙ ለጆርጅ ለቅቆ ዴይምለር ለተባለው መኪና አምራች አማካሪ ሆነ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ንቅናቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ክራንክ ሻፍት ሲጠማዘዝ የሚፈጠረውን ንዝረት የሚያበርድ መሣሪያና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርን የሚያረጋጋ ሚዛን ፈለሰፈ። ሚዛኑ ዛሬም መሐንዲሶች ዘንድ የሚታወቀው በስሙ ነው። የፍሬን ጩኸት ራሱ ንዝረት ነው። በወጣትነቱ ያልተሳካለትን ጠላት በጉልምስናው ሌላ ቦታ ላይ ያሸነፈው ይመስለኛል።

ስለ በረራም ጽፏል። የአውሮፕላን ክንፍ አየሩ ዙሪያውን እንዲዞር በማድረግ እንደሚነሳ፣ ከክንፉ ጫፎችም አየር እየተጠቀለለ ወደ ኋላ እንደሚቀር ያሰበው ገና አውሮፕላን ሳይበር፣ በ1890ዎቹ ነው። በ1897 ጽሑፉን ለፊዚክስ ማኅበር ቢያቀርብ አልተቀበሉትም። ሐሳቡን አስፋፍቶ በ1907ና በ1908 በሁለት መጻሕፍት አወጣው። በ1908 ጀርመን አገር ጎቲንገን ሄዶ ሉድቪግ ፕራንትል ከተባለው ታላቅ ሳይንቲስት ጋር ተገናኘ። በኋላ የክንፍ ሒሳብ ሲጠና የሁለቱም ስም አብሮ ይነሳል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ ደግሞ ስለ አውሮፕላንና ስለ ጦርነት መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ውስጥ ያለው ሕግ የጦር ኃይል የሚለካው በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በቁጥሩ ካሬ ነው የሚል ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። በመሣሪያና በችሎታ እኩል የሆኑ ሁለት ሺህ ሺህ ወታደሮች አሉ እንበል። አንደኛው ወገን ለሁለት ተከፍሎ አምስት መቶ አምስት መቶ ሆኖ ተራ በተራ ቢገጥም፣ በላንቸስተር ስሌት ያልተከፈለው ወገን ሁለቱንም አጥፍቶ ወደ ሰባት መቶ የሚጠጋ ሰው ይተርፈዋል። ድር ቢያብር የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል ሰውየው በሒሳብ አስቀመጠው ማለት ነው። ይህ ሥራው በኋላ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ለተባለው የጥናት ዘርፍ አንዱ መነሻ ሆነ፤ በዘርፉ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ሽልማትም በስሙ ተሰይሟል።

በ1919 ዶሮቲያ ኩፐር የተባለች የቄስ ልጅ አገባ። በ1922 የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1926 የሮያል ኤሮኖቲካል ሶሳይቲ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። ክብር አልጎደለበትም። ገንዘብ ግን ጎደለበት። በ1920ዎቹ አጋማሽ የራሱን ቤተ ሙከራ ከፍቶ የድምፅ ማጉያ መሥራት ጀመረ። ድምፅ ይወድ ነበር፤ ራሱም ጥሩ ዘፋኝ ነበር። ያ ሥራ ግን አልሰመረም፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። የቤተሰቡን ስም የያዘው የመኪና ኩባንያም በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ በሌላ ድርጅት እጅ ገባ። ላንቸስተር በፓርኪንሰን ሕመም ተይዞ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማርጀት ጀመረ። ሕይወቱን ሙሉ ንዝረትን ሲያበርድ የኖረ ሰው በራሱ እጅ ላይ የመጣውን ማብረድ አልቻለም። የሚኖርበትን ቤት ለመያዝ እንኳ ከመኪና አምራቾች ማኅበር እርዳታ አስፈለገው። ማርች 8 ቀን 1946 በርሚንግሃም ውስጥ በቤቱ አረፈ። ልጅ አልነበረውም።

አሁን ዓመቱን ቁጠሩልኝ። ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ፈረንሳይ አገር ለማን ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር የጃጓር መኪኖች በደንሎፕ የዲስክ ፍሬን ሮጠው አሸነፉ። ባለ ታምቡሮቹ ፍሬናቸው እየጋለ ሲደክም፣ ጃጓሮቹ መታጠፊያው አጠገብ እስኪደርሱ ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። በ1955 የሲትሮየን ዲኤስ መኪና በዲስክ ፍሬን በብዛት ተመርቶ ገበያ ወጣ። በ1969 የሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል ከፊት ዲስክ ይዞ መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ተራራ ብስክሌት ወረደ። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ሐሳቡ አልተለወጠም። ሸራው ተለወጠ፣ ፈሳሽ መጣ፣ መንገዱ ተሠራ። የሚገርመው ደግሞ መዳቡ እንኳ ተመልሷል። ለጭቃና ለረጅም ቁልቁለት የሚመረጡት ከብረታ ብረት ዱቄት ተጨቁነው የሚሠሩት ሸራዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ መዳብ አለ። ላንቸስተር መዳቡን ሲመርጥ ጨርሶ አልሳተም ነበር፤ ብቻውን ስለተወው ነው እንጂ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይህንን ነው። በትምህርታችን ቀድሞ መገኘትን እንደ ትልቅ ድል ነው የምንቆጥረው፤ ዜናውን ቀድሞ ያወጣ፣ ጥያቄውን ቀድሞ የጠየቀ። ላንቸስተር ቀድሞ ነበር። ግን ቀድሞ የመጣ ሐሳብ ዙሪያውን የሚጠብቀው ነገር ከሌለ ብቻውን ይጮሃል፣ ብቻውን ያልቃል። ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋሉት በኋላ የመጡ፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ሸራ ቀማሚዎች፣ ላስቲክ ሠሪዎች፣ በመንደሩ ተቀምጠው አየር የሚያስወጡ ጥገኞች ሳይሆኑ ጠጋኞች ናቸው። ስለ ፈልሳፊ ስንጽፍ ስለ ጠጋኙም አንድ አንቀጽ ብንተው ታሪኩ ይበልጥ እውነት ይሆናል ባይ ነኝ።

ለላንቸስተር በርሚንግሃም ውስጥ የመጀመሪያ መኪናውን በሠራበት አካባቢ ሐውልት ቆሞለታል። ኮቨንትሪ ውስጥም አንድ ኮሌጅ በ1970 በስሙ ተሰይሞ ነበር። ኮሌጁ በኋላ ስሙን ቀይሮ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ቤተ መጻሕፍቱ የላንቸስተርን ስም ይዞ ቀረ። ዲግሪ ሳይዝ ለወጣ ሰው ተማሪዎች የሚያነቡበት ቤት በስሙ መኖሩ ደስ ይላል።

እናንተም ሳይክል ካላችሁ ቁልቁለቱ ሳይመጣ ሸራችሁን ዛሬውኑ እዩት። ቸር ያገናኘን።